ሻዶው ሌን ላይ የተቃኘ በገና

ላስ ቬጋስ በ1931 ሁለት በር ከፈተች። የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ቁማርን በሕግ የፈቀደው በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ነው። በዚያው ዓመት ክላርክ ካውንቲ አቅም ለሌላቸው ሕሙማን አንድ ትንሽ ሆስፒታል አቋቋመ፤ ሲጀምር ሃያ አልጋ፣ አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ ነበረው። ያ ሆስፒታል ስሙን እየቀየረ፣ ግቢውንም እያሰፋ ሄዶ በ1986 የደቡብ ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር ተባለ። ከተማው ደግሞ በ1997 በዙሪያው ያለውን ሰፈር ሜዲካል ዲስትሪክት ብሎ ከለለው። ዛሬ በምዕራብ ቻርልስተን ጎዳና፣ በፒንቶ ሌንና በሻዶው ሌን ሆስፒታሎች፣ ላቦራቶሪዎች፣ ክሊኒኮችና የሕክምና ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ቆመዋል። (የዚህች ከተማ ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በዚያው አስቀምጣለሁ።)

እኔ በሁለቱም በር ገብቻለሁ። በ1990ዎቹ ከአዲስ አበባ መጥቼ አንድ ካዚኖ ውስጥ ሳንቲም ዘርዛሪ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያ ወለል አልወረድኩም። አሁን የመስሚያ መሣሪያ በሁለቱም ጆሮዬ አደርጋለሁ። የምጽፈው ግን ስለ ሕመሜ አይደለም። የአባቴ በገና ቤቴ አለ፤ በመሣሪያው ውስጥ አልፎ ወደ እኔ የሚደርስበትን መንገድ ለማወቅ ብዙ ጠይቄያለሁ፣ ብዙም አንብቤያለሁ። ያገኘሁት ታሪክ እንደ እኔ ዘፈኑ፣ መዝሙሩና በገናው ለራቀባቸው ወገኖቼ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከካዚኖው ልጀምር። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የቁማር ማሽኖቹ የሚከፍሉት በወረቀት ትኬት ሳይሆን በሳንቲም ነበር። ሳንቲሙ ከቆርቆሮ ሳህን ላይ እየዘነበ ይወርዳል፤ ሳህኑ የተሠራውም ድምፁ ሩቅ እንዲሰማና ሌላው ተጫዋች እንዲጓጓ ነው። በዚያ ላይ የደወሉ፣ የማሽኑ ዜማ፣ ከጣራው የሚወርደው ሙዚቃ አለ። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለሠራተኛ ያስቀመጠው ልክ በቀን ስምንት ሰዓት ለ85 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ያኔ የነገረን አለቃ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጩኸት ጆሮን የሚጎዳው ከላይ ጀምሮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚወድቀው 4000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። ሰው ሲያናግረኝ እሰማለሁ፤ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ግን ከቃሉ ውስጥ ተነቅለው ይወጣሉ። የቀረውን በግምት እሞላለሁ።

ጩኸቱ የካዚኖ ሠራተኛ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ይህች ከተማ በሙዚቀኛ ጉልበት የቆመች ናት። ከሜዲካል ዲስትሪክት በስተሰሜን፣ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ የሚገኘው ዌስትሳይድ የጥቁሮች ሰፈር ነበር። በ1950ዎቹ ጥቁር አርቲስቶች ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ባሉ ሆቴሎች መድረክ ላይ እየተጨበጨበላቸው ዘፍነው ሲያበቁ እዚያው ሆቴል ማደር አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ወደ ዌስትሳይድ ማረፊያ ቤቶች ይመለሳሉ። በግንቦት 1955 በምዕራብ ቦናንዛ መንገድ ላይ ሙላን ሩዥ ተከፈተ፤ ጥቁሩም ነጩም አብሮ የሚገባበት የከተማዋ የመጀመሪያው ሆቴልና ካዚኖ ነበር። የስትሪፑ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ጨርሰው እዚያ ይሰበሰቡ ስለነበር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀምር ትርኢት ነበረው። ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ሆኖም መጋቢት 1960 የስትሪፑን የዘር መድልዎ ያስቆመው ስምምነት የተደረሰው በዚያው በሙላን ሩዥ ቡና ቤት ውስጥ ነው። በ1989 ደግሞ ትልልቅ ሆቴሎች የመድረክ ኦርኬስትራውን በተቀዳ ሙዚቃ ለመተካት በመነሣታቸው ሙዚቀኞቹ ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። አድማው ግን ሆቴሎቹን አላቆማቸውም፤ ሰው ይነፋው የነበረው መለከት ቦታውን ለስፒከር ለቀቀ። ከእነዚያ ሙዚቀኞች መካከል ዕድሜያቸውን ከከበሮና ከመለከት ፊት ያሳለፉ ብዙዎች ናቸው፤ ሻዶው ሌን አካባቢ ባሉ ክሊኒኮች ወረፋ ስጠብቅ የጣታቸው ምት ከወንበሩ እጀታ ላይ የማይጠፋ ሽማግሌዎች አይቻለሁ።

አሁን ወደ መሣሪያው ታሪክ ልግባ። ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረው ቀንድ ወይም ጥሩምባ መሳይ ነገር ነው፤ ሰፊው አፍ ወደ ተናጋሪው፣ ጠባቡ ጫፍ ወደ ጆሮ። ሜትሮኖሙን በመሥራት የሚታወቀው ሜልትሰል በ1810ዎቹ ለቤትሆቨን እንዲህ ያሉ ጥሩምባዎች ሠርቶለት ነበር። ቤትሆቨን ግን ከሰው ጋር የሚነጋገረው በመጨረሻ በጽሑፍ ሆነ፤ ዘጠነኛው ሲምፎኒ በ1824 ሲቀርብም ሊሰማው አልቻለም። ጥሩምባው ከሙዚቃ ይልቅ ለንግግር የቀረበ ነበር።

ኤሌክትሪኩ የመጣው ከስልክ ነው። የአሌክሳንደር ግርሃም ቤል እናት መስማት ይቸግራቸው ነበር፤ ሚስቱም መስማት የተሳናት ነበረች፤ ስልኩን በ1876 አስመዘገበ። ሚለር ሪስ ሃቺሰን የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ የስልኩን የካርቦን ማይክሮፎን ወስዶ በ1898 አኩፎን የተባለውን የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መስሚያ ሠራ። የእንግሊዟ ንግሥት አሌክሳንድራ ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዷ ናቸው። የመኪናውን ክላክስ የፈለሰፈውም ይኸው ሃቺሰን ነው። በ1920 ቫልቭ በተባለ የመስታወት ቱቦ የሚሠራ መሣሪያ መጣ፤ ድምፁ ጠራ፣ ባትሪው ግን ከባድ ነበር። ታኅሣሥ 1952 ሶኖቶን 1010 የተባለው መሣሪያ በ229 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለገበያ ወጣ፤ በውስጡ አንድ ትራንዚስተርና ሁለት ቫልቮች ነበሩ። ትራንዚስተር ከሬዲዮም ቀድሞ ለሕዝብ የተሸጠው በመስሚያ መሣሪያ ውስጥ ነው። ትራንዚስተሩን የፈጠረው የቤል ላቦራቶሪ ለመስሚያ ሠሪዎች የፈጠራ ክፍያውን የተወውም ቤልን ለማሰብ ነበር። ከዚያ መሣሪያው ከደረት ኪስ ወደ ጆሮ ጀርባ ወጣ፤ በ1996 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ሆነ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ መሣሪያው ከስልክ ተወልዶ በንግግር አድጓል። መቶ ዓመት ሙሉ መሐንዲሶቹ የተጠየቁት ሰው ሲያወራ እንዲሰማ አድርጉ ነው። ሙዚቃን እንዲያስተናግድ የጠየቀ ሰው ዘግይቶ ነው የመጣው።

ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። ሰው በአንድ ሜትር ርቀት ሲያናግረን ድምፁ ወደ 65 ዴሲቤል ነው፤ ሲጮህም 90 አካባቢ ይቆማል። ሙዚቃ ግን ከ100 ዴሲቤል በቀላሉ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል መሣሪያዎች ድምፁን ወደ ቁጥር የሚቀይሩበት ክፍል 16 ቢት ስለነበረ ስፋቱ 96 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የገባው ድምፅ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን ደግሞ ባለሙያው በኋላ በምንም ማስተካከያ አይመልሰውም፤ ጉዳቱ መግቢያው ላይ ደርሷልና። ስለዚህ በዚህ ሥራ የቆዩ ባለሙያዎች ቀላል ምክር አላቸው፤ ሙዚቃ ስትሰሙ የቴፑን ድምፅ ቀንሱ፣ የመሣሪያችሁን ጨምሩ። የድምፅ ማጉያው በበረታበት አዳራሽ ደግሞ ማይክሮፎኑ ላይ ቁራጭ ፕላስተር መለጠፍ መግቢያውን ያበርደዋል። ዛሬ የሚሸጡ ብዙ መሣሪያዎች መግቢያቸው ሰፍቷል፤ አሮጌ የያዘ ሰው ግን ይህን ምክር አይናቅ።

ሌላው ችግር ከመሣሪያው ብልህነት የሚመጣ ነው። ለንግግር የሚጠቅሙት ሁሉ ለዜማ ጠላት ይሆናሉ። ይህን በእኛው የሙዚቃ መሣሪያዎች ነው የማውቀው።

ዋሽንት ንጹሕና ረጅም ድምፅ አለው። መሣሪያው ራሱ ማፏጨት ሲጀምር የሚያሰማውም እንዲሁ ንጹሕ ድምፅ ነው። ፉጨቱን እንዲያጠፋ የተሠራው ክፍል ዋሽንቱን እንደ ራሱ ጥፋት ይቆጥርና ሊያጠፋው ይሞክራል፤ ረጅሙ የትዝታ ማለቂያ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ከስሩ ሌላ ድምፅ ይወጣል።

ማኅሌት ላይ ከበሮው ሲመታ መሣሪያው ደንግጦ ሁሉንም ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ትንሽ ድምፅ አጉላ፣ ትልቁን ያዝ ተብሎ የተሠራ ነውና። ከበሮው ካለፈ በኋላ ወደ ልኩ እስኪመለስ የመሪጌታው ዜማ ይሰጥማል፤ መልሶ ሲነሣ ሁለተኛው ምት ይደርሳል። ንግሥ ሲሆን ምቱ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ዜማው በምቱ ሥር እየገባ እየወጣ ይቀራል። ጸናጽሉን ደግሞ ድንገተኛ የዕቃ ኳኳታ ነው ብሎ ያደበዝዘዋል።

አዝማሪ ቤት ስሄድ ሌላ ነገር አስተውላለሁ። ግጥሙን እይዛለሁ፤ ለቃል የተሠራ ስለሆነ ቃሉን ያመጣልኛል። ከግጥሙ በኋላ ማሲንቆው ብቻውን የሚመልስበት ቦታ ሲደርስ ግን አንዱ የጭራ አውታር የሚያወጣው ድርብርብ ድምፅ ሳስቶ ይደርሰኛል። ለእኛ ሙዚቃ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የግጥሙን ወርቅ ሰው የሚያጣጥመው ማሲንቆው በሚሰጠው ፋታ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የደነቀኝ በገና ነው። አባቴ ጉለሌ በነበረው ቤታችን በዐቢይ ጾም ማታ ማታ ይደረድር ነበር። በገናው ከእኔ ወገብ በላይ ይቆማል፤ ከታች በበሬ ቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከላይ ቀንበር፣ ዐሥር የበግ አንጀት አውታሮች። ዐሥሩም ሁልጊዜ አይመቱም፤ አንዳንዶቹ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። አውታሮቹ በርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እያንዳንዳቸው ሥር ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ እንዝራ ይባላል። ያ ቆዳ አውታሩን ለጥቂት ስለሚነካው በገናው ነዝሮ ይጮሃል። በአብዮቱ ዘመን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲሰጥ የነበረው የበገና ትምህርት ተቋረጠ፤ መምህሩ ዓለሙ አጋም ከዚያ ወጡ። በብዙ ቤት በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። የአባቴም እንዲሁ ነበር፤ ወንድሜ በኋላ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣልኝ።

እዚህ ላስ ቬጋስ በቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በገና ይማራሉ። አንድ የጾም ቅዳሜ የአባቴን በገና ይዤ ሄድኩና ለመምህሩ ቅሬታዬን ነገርኩት።

«መምህር፣ አውታሩ ይደርሰኛል፤ ውፍረቱ ግን የለም።»

«እናታችን፣ እንዝራው ተኝቶ ነው። ትንሽ ልግፋልዎ» አለና በአውራ ጣቱ ጥፍር አንዱን ቆዳ ወደ በርኩማው ጠርዝ የፀጉር ያህል ገፋው። ደግሞ መታው።

ውፍረቱ መጣ። ነዘረ፣ ከነዘረውም ውስጥ የአባቴ በገና ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ገፋቸው። እየመታ ያየኛል፤ ራሴን ስነቀንቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ የታወቀ የድምፅ ሳይንስ ነው። አንድ አውታር ሲመታ መሠረቱ 100 ኸርዝ ከሆነ፣ በላዩ 200፣ 300፣ 400 እያሉ የሚሄዱ ድምፆች አብረው ይወጣሉ። መሠረቱ ቢጠፋ እንኳ አእምሮ ከላዮቹ ተነሥቶ መሠረቱን ራሱ ይሠራዋል። የድሮው ስልክ ከ300 ኸርዝ በታች አያስተላልፍም ነበር፤ የአባታችን ወፍራም ድምፅ ግን በስልክ ወፍራም ሆኖ ነው የሚሰማን። ክፍት የጆሮ ጎማ ያለው መስሚያ ወፍራሙን ድምፅ ከጆሮ ያፈስሰዋል፤ የእንዝራው ንዝረት ግን አውታሩን በብዙ የላይ ድምፅ ይሞላዋል። እነዚያ ደግሞ መሣሪያው በደንብ በሚያጎላው ክልል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በገናው በአውታሩ ብቻ ሊያደርስ የማይችለውን በእንዝራው ያደርሳል። ጥንት በገና የሠሩ እጆች መስሚያ መሣሪያን ባያውቁም፣ በደከመ ጆሮ በኩል የሚያልፍ ድምፅ አበጅተው ሄደዋል። ይህን ሳስበው እኮራለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው በገናውን ይዤ ሻዶው ሌን አጠገብ ወደምትገኘው ክሊኒኬ የሄድኩት። ልጄ «እማዬ፣ እውነት በገና ይዘሽ ልትገቢ ነው?» ብላ ነበር፤ በኋላ ግን ራሷ ተሸክማ አስገባችልኝ። የምታየኝ ወጣት ባለሙያ እስከዚያ ቀን የምታስተካክለው በቃል ዝርዝርና በፉጨት መሳይ መፈተኛ ድምፅ ነበር። በገናውን ስደረድርላት ዝም ብላ ሰማች፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩን አዞረችና ለሙዚቃ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ፕሮግራም ከፈተችልኝ። የጩኸት ማጥፊያውን አጠፋች። የፉጨት መቆጣጠሪያውን አላላች። ማይክሮፎኖቹ ወደ ፊት ብቻ ማድመጣቸውን ትተው ከዙሪያው ሁሉ እንዲቀበሉ አደረገች። ትልቁን ድምፅ የሚይዘውን ክፍል ገራችው፤ ከያዘ በኋላም ቀስ ብሎ እንዲለቅ አደረገችው። በመጨረሻ ክፍቱን ጎማ በተዘጋ ቀየረችው፤ ወፍራሙ ድምፅ እንዳይፈስስ። ይህኛው ዋጋ አለው፤ ስናገር የራሴ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለሁ ይጎላብኛል። ለበገና ስል እታገሠዋለሁ፤ ገበያ ስወጣ ክፍቱን አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስረዳችኝ። ዲጂታል መሣሪያ ድምፁን አስልቶ እስኪያወጣ ጥቂት ሺኛ ሴኮንድ ይወስድበታል። ጎማው ክፍት ሲሆን በቀጥታ የገባው ድምፅና ከመሣሪያው የዘገየው ድምፅ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን በየቦታው ይሸረሽራል፤ ቆርቆሮ የሚመስለው የሙዚቃ ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ጎማው ሲዘጋ ይህም ይቀንሳል።

በዚህች ከተማ ሐበሻ በዝቷል፤ ክላርክ ካውንቲም በ2023 ከስትሪፑ በስተምዕራብ ያለውን ሰፈራችንን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞልናል። ታክሲ ነድተው፣ ሆቴል አጽድተው፣ ካዚኖ ሠርተው ጡረታ የወጡ እናትና አባቶች አሉን። ብዙዎቹ መስሚያ ተሰጥቷቸው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። ምክንያታቸውን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ ሰው ይሰማኛል፣ ዜማው ግን አስጠላኝ። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን በመደበኛው መልኩ መስሚያ አይሸፍንም፤ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ግን ጉዳታቸው ቀላልና መካከለኛ ለሆነ አዋቂዎች ያለ ማዘዣ መግዛት ተፈቅዷል። ርካሹን የሚገዛ ሰው የሙዚቃ ፕሮግራም ያለው መሆኑን፣ ራሱም ማስተካከል እንደሚችል ይጠይቅ። በባለሙያ የሚታይ ደግሞ የሚወደውን ይዞ ይሂድ፤ ስልኩ ላይ ያለ የአባቱን ዘፈን፣ ክራሩን፣ የሰንበት መዝሙሩን። ልጆችም አስተርጓሚ ሆነው ሲገቡ «ቃሉ ይሰማዋል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ላይ «ዜማውስ?» የሚለውን ይጨምሩ።

ለአብያተ ክርስቲያናት ኮሚቴዎችም አንድ ቃል አለኝ። በአዳራሹ ዙሪያ ሽቦ ዘርግቶ ድምፁን ከማይክሮፎኑ በቀጥታ ወደ መስሚያ መሣሪያ መላክ የሚቻልበት ዘዴ ከ1937 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ብዙ መሣሪያዎች የሚቀበሉበት ትንሽ ጥቅል ሽቦ በውስጣቸው አላቸው። ለስፒከር የምናወጣውን ገንዘብ ሩቡን እንኳ ለዚህ ብናውለው፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ስብከቱንም ዜማውንም ሳይንጫጫ ይሰማሉ። ሥራውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን በመካከላችን አይጠፋም።

ሜዲካል ዲስትሪክቱ መሣሪያውንና ዕውቀቱን ይሰጠናል። መሣሪያው መቶ ዓመት ሙሉ ቃል ሲማር ኖሯል፤ ትዝታን፣ አምባሰልን፣ በገናን የሚያስተምረው ሰው ከእኛ ውጭ የለም።